ፀሐይ ሳትገባ የተሰማ አዛን

ኮረብታው ስም አልነበረውም። በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን በቁጥሩ ጠርተነው አናውቅም። የደረስን ዕለት አንዋር ቀና ብሎ አየውና «እንጦጦ ተላጭቶ ጠበቀን» አለ። ከዚያ ወዲያ ጋንታው በሙሉ እንጦጦ አለው። ዛፍ የለ፣ ጉም የለ፣ ድንጋይና አቧራ ብቻ። ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። እኔና አንዋር ግን ሁለታችንም የየካ ልጆች ስለነበርን ስሙን በጠራነው ቁጥር ትንሽ ቀለል ይለን ነበር።

የእህቴ ልጆች አንዳንድ ጊዜ ስልካቸውን አስቀምጠው «ጋሼ፣ ስለ ጦርነቱ አውራን» ይሉኛል። የሚጠብቁት ፊልም ነው። እኔ ደግሞ ፊልም አላውቅም። የማውቀው ምሽግ ውስጥ ከማን ጎን እንደተኛሁና ከማን ኮዳ እንደጠጣሁ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው፣ የአንዋርን ነገር እነግራችኋለሁ። ይህን ሰው ስንትና ስንት ዓመት በሕልሜ ሳየው ኖሬያለሁ። የምሽጉ በር ላይ ቆሞ «ሲግናል! ሲግናል! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። እኔም ልሳፈር ስሮጥ እነቃለሁ። ወታደር ከመሆኑ በፊት የሚኒባስ ረዳት ነበር።

ዘንድሮ የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን አብረው የገቡ ሰሞን፣ ጉርድ ሾላ ሰው ልጠይቅ ከመገናኛ የመሪ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ከረዳቱ ጋር ትከራከራለች። እሷ መስኮቱን ክፈት ትላለች፣ እሱ «እናቴ፣ ተበላሽቷል አልኩሽ» ይላል። በመጨረሻ እሷው ታግላ ከፈተችውና ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈነች፤ ከመሸፈኗ በፊት ግን የፊት ጥርሷን ፍንጭት አየሁት።

ክው አልኩ። አንዋር ነው! አንዋር ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ጉንጩ ወርዷል፣ ሂጃብ ለብሷል፣ ከረዳት ጋር ይከራከራል። ጉርድ ሾላ አለፈኝ። ሲኤምሲም አለፈኝ። ሕልም ከሆነም አልነቃም ብዬ አልወረድኩም።

መሪ ስትወርድ አብሬ ወረድኩ። ጥቂት እንደተከተልኳት ዞር አለች። ልክ ናት፤ የማታውቀው ሽማግሌ ሲከተላት የቷ ሴት ዝም ትላለች?

«ምን ፈልገው ነው አባቴ?» አለችኝ ቆጣ ብላ።

«ይቅርታ እህቴ። አንዋር የሚባል ወንድም ነበረዎት?»

ቆማ አየችኝ። «አለኝ» አለች። «መንታዬ ነው።»

ስሜን ስነግራት ቁጣዋ ጠፋ። «ግርማ! ያ ሲያንኮራፋ ምሽግ የሚያፈርሰው?» አለች። ለፈቃድ በመጣ ጊዜ ስለ እኔ ያወራላቸው ይኼንኑ ነበር። አይ አንዋር! ሌላ የሚወራልኝ አጥቶ።

ስሟ ዘሀራ ነው። ከሠራዊቱ ስመለስ ሲግናል ጀርባ የነበረውን ቤታቸውን ፈልጌ ነበር፤ ቦታው ፈርሶ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ ቆየኝ። ሱቅ ጠየቅሁ፣ መስጊዱ በር ላይ ጠየቅሁ፣ «ተበትነዋል» አሉኝ። ለካ መሪ ኮንዶሚኒየም ገብተው ኖሯል። ይኼን ሁሉ ዘመን በአንድ የታክሲ መንገድ ስንመላለስ ኖረናል።

«እማዬ አለች» አለችኝ፣ እዚያው መንገድ ዳር እንደቆምን። «ግን ደክማለች። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው። መርዶውን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም። ወረቀት ይዘው የመጡትን ሰዎች ‹እናንተ አይታችሁታል?› አለቻቸው። አላየንም አሉ። ‹እንግዲያው ያየው ሰው ይምጣ› አለች። በረመዳን እንደሆነ ብቻ ነው የሰማችው። ከዚያ ወዲህ አፍጥር ላይ መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ የሱ ነው። ማንም አይነካውም። ጠዋት አበባዋ ላይ ትደፋዋለች።»

«ውሃ ለምን?»

«ልጄ እንደተጠማ ነው የሞተው ብላ ነዋ! ሌላ ጥያቄ የላትም። ጠጥቶ ነው ወይስ ተጠምቶ? ይኼን ሳታውቅ ልትሄድብኝ ነው።» ከዚያ አንቱታውን ተወችው። «አንተ አይተኸዋል?»

«እጄ ላይ ነው ያረፈው» አልኳት።

እንባዬ ቀደመኝ። እሷም ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ስትመለስ ድምፅዋ ረግቶ ነበር። «ለእሷ ከመንገርህ በፊት ለኔ ንገረኝ። የማይነገር ነገር ካለበት እኔው ጋ ይቅር» አለችኝ። ሐኪም ተራመጂ ብሏት ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ትወጣለች። የኔም ቤት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ነው። ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጠርን።

እስከ ቅዳሜ ልቤ አላረፈም። አንዋር ውሃ ጠጥቷል፤ እሱ እውነት ነው። የጠጣው ግን ፀሐይ ሳትገባ ነው፤ ያውም እኛ «ገብታለች» ብለነው። ይኼን ለአንዲት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰግድ ለኖረች እናት እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? የልጅሽን ጾም አስፈታነው ልበላት?

ቅዳሜ ጉም ነበር። ባሕር ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ይታያሉ፣ ከዚያ በላይ የሉም። ዘሀራ ከጉሙ ውስጥ ስትመጣ መጀመሪያ ያወቅሁት አካሄዷን ነው፤ ቀኝ ትከሻዋን ትንሽ ታስቀድማለች። እሱም እንደዚያ ነበር። ምሽግ ለምሽግ እያጎነበሰ ሲሄድ እንኳ የሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ጎን ለጎን ስንወጣ የቱ እንጦጦ ላይ እንዳለሁ ለጥቂት ጊዜ ተምታታብኝ። ከእግራችን ሥር ያለው ቅጠል ረጥቦ ድምፅ አልነበረውም። ጎኔ የሚሄደው እሱ ነው፣ አርጅተናል፣ ጦርነቱ አልቋል፣ ሁለታችንም ተመልሰናል። ትንሽ መንገድ ሳላስበው ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

«በል ጀምር» አለችኝ።

ጀመርኩ። በአንድ ምሽግ ሰባት ነበርን። ሙስሊም እሱ ብቻ ነበር። ሥጋ ሲመጣ ጣጣ ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን እሱ አይበላም፣ እሱ ያረደውን እኛ አንበላም። አለቃችን ሃምሳ አለቃ በየነ «እኔ ድስት ስለይ አልውልም፤ ሥጋው ይቅር» አለና ለጎረቤት ምሽግ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሽሮ በላን። ሽሮ፣ ሽሮ፣ አሁንም ሽሮ። ሁላችንም አንዋርን ስንረግም እንውላለን፤ «እኔ ሥጋዬን ልብላ» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ዲያቆን ጸጋዬ የሚባል ልጅም ነበረን። ከቆሎ ተማሪ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ማሠልጠኛ የገባ፣ ድምፁ የሚያምር። አመሻሽ ላይ አንዋር ከምሽጉ ጥግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አዛን ሲል ጸጋዬ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጥና «ግዕዝ ነው ዕዝል?» እያለ በዜማው ይቀልድበታል። ጸጋዬ ማለዳ ሲያዜም ደግሞ አንዋር «ሞልቷል፣ ሳበው!» ይለዋል። እንዲህ እየተባባልን ነበር የምንኖረው።

ረመዳን ሲገባ በየነ «አንተ ተጓዥ ነህ፣ አለመጾም ይፈቀድልሃል አሉ» አለው። አንዋር «የምን ተጓዥ? እዚህ ከመቀመጤ ብዛት አይጦቹ በስሜ ነው የሚጠሩኝ» ብሎ ጾመ።

ዘሀራ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና። «ግትር! ከእማዬ ነው የወረሰው» አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። የቀረው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

ያን ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሞርታር ጀመረ። ስምንት ሰዓት ላይ ወጡብን። መለስናቸው። እንደገና ወጡ። እንደገና መለስናቸው። አሥር ሰዓት ግድም ጸጥ አለ። ጭስ ነው። ጆሮዬ ይጮኻል። ከጎኔ የነበረው ቶሎሳ «አንዋር!» ሲል ሰማሁት። ደረቱን ተመትቶ ነበር። የኋላው መንገድ በመትረየስ ይታጨዳል፤ ሳይመሽ ቁስለኛ ማውረድ አይቻልም። የሕክምና ባልደረባችን አየውና እኛን ወደ ጎን ጠራን። «የጠየቀውን ስጡት» አለ።

ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ኮዳዬን አስጠጋሁለት። ፊቱን አዞረ።

«ጾመኛ ነኝ» አለ። «ሰዓቱ ብዙ ቀረው?»

ብዙ ቀርቶት ነበር። ፀሐይዋ ምሽጉ ውስጥ ገብታ እግሩ ላይ ናት። እሱ ደግሞ እንደማይደርስ ሁላችንም አውቀናል። በየነ ሰማዩን አየ፣ አንዋርን አየ።

«ፀሐይዋን አስገቧት» አለ።

ምን ማለትህ ነው ያለው ሰው የለም። እኔና ቶሎሳ ብርድ ልብሶቹን ሰበሰብን። የምሽጉ አፍ ላይ ዘረጋናቸው፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዝነው። ጨለመ። ቶሎሳ ነፋሱ እንዳይገልጠው አንዱን ጫፍ በእጁ ይዞ ቆመ። ግን አዛን የለም። ሁልጊዜ አዛን የሚለው ራሱ አንዋር ነበር። በጨለማው ተያየን። ያን ጊዜ ዲያቆን ጸጋዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ዘሀራ ቆመች። «ዲያቆኑ?»

«ዲያቆኑ።»

«አላሁ አክበር» ብሎ ጀመረ። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው የሚለው፤ ሌላ ዜማ አያውቅም። ደጋገመውና ቀጥሎ ያለው ላይ ሲደርስ ተያዘ። ያን ክፍል ያውቀዋል፤ በየቀኑ ሰምቶታል። ግን እነሱ እምነታቸውን የሚመሰክሩበት ቃል ነው፤ ዲያቆን ሆኖ እንዴት ይበለው? ዘለለው። በቀጥታ ወደ ሶላት ጥሪው አልፎ «ሐየ ዐለ ሶላህ» ብሎ ቀጠለ። ሲጨርስ ደግሞ ከልማዱ «አሜን» አለ።

አንዋር ዓይኑን ገለጠ። አንደኛው ብርድ ልብስ ቀዳዳ ነበረው። በዚያ የገባች ትንሽ ብርሃን ግድግዳው ላይ አርፋለች። እሷን አየ።

«ግርማ» አለኝ፣ «ጨለማችሁ ቀዳዳ አለው።»

ሳቀ። አፉን ሊሸፍን እጁን አነሳ፣ እጁ አልደረሰለትም። ፍንጭቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው መጨረሻ። «በሉ ውሃውን አምጡ፤ ይኼን ሁሉ ደክማችሁ» አለ። አንገቱን ደገፍኩት። ደህና አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ወደ ጸጋዬ ዞረ።

«አንተ ዲያቆን፣ ዋናውን ዘለልከው» አለው።

የተዘለለውንም እሱ ራሱ አለለት። ቀስ እያለ፣ ለልጅ እንደሚያስጠና። ጸጋዬ አንገቱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ በኋላ አንዋር አልተናገረም። ብርድ ልብሶቹን ስናነሳ ፀሐይዋ ገና ነበረች።

ለዘሀራ እንዲህ ብዬ ነገርኳትና የከበደኝን ጥያቄ አወጣሁት። «እንግዲህ ጾሙን ያስፈታነው እኛ ነን። እሱም አውቆ ነው የጠጣው፣ እኛን ላለማሳዘን ይመስለኛል። እናትሽ ይኼን ስትሰማ ምን ትላለች?»

አልሰማችኝም። «መጨረሻውን ድገምልኝ» አለች።

«ብርድ ልብሱን ስናነሳ…»

«እሱን አይደለም። ዲያቆኑ የዘለለውን። አንዋር ራሱ አለው? በአፉ?»

«በአፉ ነዋ። ጸጋዬን ሊያርመው።»

«ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣውም?»

«አልወጣውም አልኩሽ።»

እርጥቡ ቅጠል ላይ ቁጭ አለች፣ የባሕር ዛፉን ግንድ ተደግፋ። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። ከታች የኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ድምፅ በጉሙ ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«አታውቅም እንዴ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ሸሃዳ ነው። የኛ ሰው ሲያጣጥር አጠገቡ ያለው ቃሉን ያስታውሰዋል፣ የመጨረሻ ቃሉ እሱ እንዲሆንለት። እማዬ የምትጠይቀው ውሃውን ነው። ይኼኛውን ለመጠየቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ደፍራ አታውቅም። ምድረ በዳ ላይ፣ ሙስሊም በሌለበት፣ ልጄን ማን ያስታውሰዋል እያለች በሆዷ ነው የያዘችው። አውቃታለሁ። እኔም በሆዴ ነው የያዝኩት።» ዓይኗን ጠረገች። «ወላሂ፣ ዲያቆኑ ባይዘለው ኖሮ…»

አልጨረሰችውም። እኔም ቁጭ አልኩ። ይኼን ነገር እኛ ቀልድ አድርገነው ነበር። ከአንዋር በኋላ ምሽግ ውስጥ ሰው ሲከፋው አንዱ «ዋናውን ዘለልከው» ይላል፣ ሌላው ፈገግ ይላል። ለእናቱ የሚሆን ነገር ተሸክሜ እንደምዞር አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መሪ ሄድን። እማማ ሩቂያ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበሩ። ትንሽ ሆነዋል። ዘሀራ ጆሯቸው ላይ አንዳች ነገር አለቻቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ያየኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው አንድም ሳታስቀር።»

አላስቀረሁም። ቀዳዳውንም፣ አሜኑንም ነገርኳቸው። አንዋር ራሱ ያለው ጋ ስደርስ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አላለቀሱም። ስጨርስ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ዘሀራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወረቀቱ የመጣ ቀን አልልም ያሉትን፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን ቃል ነው አሁን ያሉት።

ቆይተው «ሌሎቹስ ልጆች?» አሉኝ።

ያልተመለሱትን በጣቴ ቆጠርኩላቸው። ከሰባታችን ሦስት ተመልሰናል። አንዋር። ቶሎሳ፣ ብርድ ልብሱን የያዘው፣ ሳምንት ሳይሞላ። ሃምሳ አለቃ በየነ፣ ኮረብታውን ስንለቅ። አራተኛው ጣቴ ላይ ስደርስ ቀደሙኝ።

«ዲያቆኑም?»

«እሱም እማማ።»

«ለእሱስ ማን ደረሰለት?»

ቅኝት ወጥቶ ከእኛ ተነጥሎ ነበር። ስንደርስ ካረፈ ቆይቷል። ኮዳው ባዶ ነበር። «ማንም» አልኳቸው። ያ ኮረብታ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም። የማውቀው እዚያ የቀሩትን ልጆች ስም ነው፤ ለእናንተም የምነግራችሁ እሱን ብቻ ነው።

ዘሀራ ቴምሩንና ሾርባውን አቀረበች። «ሳምቡሳው የምስር ነው፤ ያንተንም ጾም አስበናል» አለችኝ። ውጭ ብርሃኑ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጣሪያ ላይ ቀስ እያለ ተነሳ። ማንም ሳያስገባት ፀሐይዋ በራሷ ጊዜ ገባች። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ያቺ ክፍል እስክትደርስ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኋት። ሙሉ ነበረች።

ዘሀራ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞላችና እጇ አየር ላይ ቀረ። የት እንደምታኖረው ጠፋባት። እናቷን አየች።

«አንዋርማ ጠጥቷል» አሉ እማማ ሩቂያ። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብለው መስኮቱ ሥር ከአበባው አጠገብ አኖሩት። «ይኼ የዲያቆኑ ነው።»

ማንም አልነካውም።